ለአረፋ የሚደርሱ ሁለት ዓሣዎች

አባቴ ቃሉን የሰጠኝ ዓሣዎቹ ገና ፌስታል ውስጥ እያሉ ነው። ከወልቂጤ በሚኒባስ ነው ያመጣኋቸው፤ አገና ላይ ሹፌሩ ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ ዳገቱን ስንወጣ፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ ፌስታሉን ከጭኔ ላይ አላወረድኩትም። ቡታጅራ እንደደረስኩ በቀጥታ ሳሎን ገባሁ። አባቴ ሙስተፋ ከዙህር ሶላት ተመልሶ ጫማውን እያወለቀ ነበር። ቀና ብሎ ፌስታሉን አየ። ጥቁር፣ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ አፋቸው ፊታቸው ላይ ሳይሆን ከሥራቸው የሆነ ሁለት ዓሣዎች።

«ለወጥ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ ምን ይሠራሉ?»

«አፋቸውን መስታወት ላይ ለጥፈው አረንጓዴውን ይልሱታል። ያንን የሳሎኑን የዓሣ ገንዳ ያጸዳሉ።»

ወንድሜ ሙንታሲር ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ይነካካ ነበር። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሥራ ላይ ነኝ በሚልበት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ሶፋ ላይ ነው።

«ማዘጋጃ ቤት ናቸዋ!» አለ። «ግብር ከፍለን ያላገኘነውን ጽዳት በፌስታል አመጣሽልን።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው ማዘጋጃ ቤት ሆኖ ቀረ።

ወልቂጤ ኬሚስትሪ ተምሬ ከተመረቅሁ ወዲህ ያልተወዳደርኩበት መሥሪያ ቤት የለም። «እንደውላለን» ይላሉ፤ አይደውሉም። እኔ ደግሞ ተቀምጦ ስልክ መጠበቅ አልችልም። ቡታጅራ ውስጥ አዲስ የሚከፈት ሆቴል፣ ካፌና ክሊኒክ ሁሉ መግቢያው ላይ የዓሣ ገንዳ ያስቀምጣል። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ሾርባ ይመስላል። ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ይጠራል፤ ባለሙያው ሲመቸው ይመጣል። ዓሣ የሚሸጥ፣ ገንዳ የሚያጸዳ፣ የተበላሸ ፓምፕ የሚቀይር ሰው በከተማው የለም። ያ ሰው እኔ ልሁን አልኩ። የሚያስፈልገኝ ወደ አስፋልቱ የሚከፈተው የቤታችን የፊት ክፍል ብቻ ነበር። ክፍሉን ግን የአባቴ የበርበሬ ጆንያዎች እስከ በሩ ድረስ ይዘውታል።

ሌላ እቅድ የነበረው አጎቴ አብዱልሃፊዝ ነው። መርካቶ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው፤ እንደ ማንኛውም የአገራችን ነጋዴ በአረፋ በአረፋ ወደ ቤት ይመጣል። በመጣ ቁጥር «ልጅቷ ተምራለች፤ እዚህ ከምትቀመጥ እኔ ዘንድ ካሽ ላይ ትቀመጥ» ይላል። መርካቶን አልጠላም። የምጠላው መቀመጡን ነው።

አባቴ ጫማውን አውልቆ ሲያበቃ ስለ ፊት ክፍሉ እንደገና አነሳሁበት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ወደ ፌስታሉ ጠቆመ።

«እኔ ወደ በርበሬ ንግድ ስገባ አባቴ ምክር አልሰጠኝም። አንድ ጆንያ በርበሬ ሰጥቶኝ፣ ሳይሻግት ክረምቱን አሻግረው አለኝ። አሻገርኩት። ከዚያ በኋላ ነው መጋዘን ያስገባኝ። አንቺም እነዚህን ሁለቱን በሕይወት ለአረፋ አድርሺያቸው። ካደረስሽ ክፍሉን እለቅልሻለሁ። ካላደረስሽ ግን ከአጎትሽ ጋር መርካቶ ትሄጃለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ዓሣ እንዳልሰማ።»

«ሁለቱንም ነው?»

«ሁለቱንም። ግማሽ አደራ የለም።»

«እሺ» አልኩ፤ ሳላስብ። አረፋ ሩቅ አልነበረም።

ገንዳውንም ዓሣዎቹንም የሰጠችኝ ቅድስት ናት። አብረን ነው የተማርነው፤ አሁን ወልቂጤ የውበት ሳሎን አላት፤ ሴቶቹ ወረፋ ሲጠብቁ የሚያዩት ትልቅ ገንዳ አስገብታ አሮጌውን ከነቀያዮቹ ዓሣዎች ለእኔ ለቀቀችልኝ። ቀያዮቹ ገንዳው ውስጥ ከተላመዱ ቆይተዋል፤ ለእነሱ አልሰጋም። ለአዲሶቹ ግን ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል አጣብቄ ደወልኩላት።

«ፌስታሉን እንደታሰረ ውሃው ላይ አንሳፍፊው» አለች። «ሙቀቱ ይስተካከል። ከዚያ ከገንዳው ውሃ በስኒ፣ በስኒ ጨምሪበት። ቆይተሽ ሌላ ስኒ። ውሃውን ሲለምዱት ገንዳው ውስጥ ትለቂያቸዋለሽ። አትቸኩዪ።»

«እሺ።»

«ሰልሚ።»

«አቤት።»

«ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። እየፈታሽው ነው አይደል?»

መልሼ አሰርኩት።

ሌላም ብዙ ነገረችኝ። ቀን ቀን ይደበቃሉ፤ አትፈልጊያቸው። ምግብ የሚሰጣቸው መሸት ሲል ነው፤ አንድ ቁራጭ ዝኩኒ ወይም ኪያር ከድንጋይ ጋር አስረሽ ወደ ታች አስጥሚላቸው፤ የተረፈውን ጠዋት አውጪ። የሚፍቁት እንጨት አስገቢላቸው፤ ቀለም የሌለው፣ በደንብ የተቀቀለ። የቧንቧ ውሃ አትገልብጪባቸው፤ በርሜል ውስጥ ይደር። እንጨቱን በእናቴ ትልቅ ድስት ቀቀልኩት። እናቴ ፈትሂያ ክዳኑን ከፍታ አየችና «አሁን ደግሞ እንጨት ልታበይን ነው?» ብላ መልሳ ከደነችው።

ዓሣዎቹ ገቡ። ወዲያው ከእንጨቱ ኋላ ተሸሸጉ። አበቃ። ሙንታሲር ጓደኞቹን ጠርቶ «ኑ ማዘጋጃ ቤታችንን እዩ» ብሎ ሲያመጣቸው የሚያዩት አንድ የጅራት ጫፍ ነው። «ቢሮ ገብተው አይወጡም፤ ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላቸዋል።

ከመግሪብ በኋላ የዝኩኒ ቁራጭ አስቀመጥኩ። ጠዋት ሳየው አልተነካም። ኪያር ሞከርኩ፤ አልተነካም። ቆስጣ በፈላ ውሃ አለስልሼ አሰጠምኩ፤ እንዳለ አደረ። መጠበቅ አልወድም፤ ስለዚህ በአንዴ ሦስቱንም አስገባሁ። ሦስቱም እንዳሉ አደሩ። ውሃው ደግሞ ጭጋግ የገባበት መሰለ። ከበርሜሉ ውሃ ቀየርኩ፤ ጠራ፤ በማግስቱ መልሶ ደፈረሰ።

«አይበሉም» አልኳት ቅድስትን። «ሊሞቱብኝ ነው።»

«ሆዳቸውን እዪው። ወደ ውስጥ ከገባ ርቧቸዋል ማለት ነው።»

አንደኛው መስታወቱ ላይ ሲለጠፍ ጠብቄ አየሁ። ሆዱ ከሰርግ ቤት እንደወጣ ሰው ሆድ ክብ ነው። ከኋላው ደግሞ ረጅም ክር የመሰለ ኩስ ይጎትታል። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አራት ዓመት የተማርኩት ትምህርት መጀመሪያው ላይ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ከምንም ምንም አይወጣም። በዚህ ወገን የሚወጣ ነገር ካለ በዚያ ወገን የገባ ነገር አለ። እኔ ያስገባሁት አልተነካም። ስለዚህ ሌላ የሚያስገባ ሰው አለ።

ሙንታሲርን ባጃጁ ውስጥ አገኘሁት።

«ለዓሣዎቹ ምን እየሰጠሃቸው ነው?»

«እኔ?» ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። «እኔ ለራሴም አልበቃኝ።»

«ጫት ጥለህ ከሆነ ወላሂ ነው የምልህ፣ ጎማህን ነው የማስተነፍሰው።»

«ማዘጋጃ ቤት ከቃመማ ሥራ ሊጀምር ነው!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ቀነስ አደረገ። «ሰልሚ፣ አልነካኋቸውም። መርካቶ ብትሄጂ እኮ ምሳዬን ከማን እቀማለሁ?»

አላመንኩትም። ዓሣዎቹ ከመጡ ጀምሮ ገንዳው አጠገብ ሲያንዣብብ ያየሁት እሱን ብቻ ነበር። ሳሎን በገባ ቁጥር ተከትዬው እገባለሁ፤ ሲወጣ ተከትዬው እወጣለሁ። ውሃው ግን መደፍረሱን አልተወም።

እንዲህ እያልን የአረፋ ዋዜማ ደረሰ። በእኛ አገር ዋዜማው የሴቶች አረፋ ነው፤ ቀኑ የእነሱ ነው። አብዛኛው ሰው ይጾማል፤ ሲያፈጥር ሴቶቹ ያዘጋጁት አተካና ይቀርባል፤ ቡላው በቅቤ ተነክሮ፣ አይቡ ከላይ። እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ከማለዳ ጀምራ ስትሠራ ዋለች። ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። አጎቴ አብዱልሃፊዝ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ ገባ። ቡኢ ላይ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ዘግቶበት ነበርና ተናዶ ነው የመጣው። ሰላምታ ሰጥቶኝ ሳይጨርስ «ሻንጣሽን አዘጋጀሽ?» አለኝ።

«ነገ እናያለን፣ አጎቴ።»

«ዓሣ ነው አሉ የያዘሽ!»

አፈጠርን። ጎረቤቶቹ በልተው፣ መርቀው ወጡ። አባቴና አጎቴ በረንዳ ላይ ወሬ ያዙ። እኔ ሳህን ሳጥብ መብራት ጠፋ።

መጀመሪያ የሰማሁት ዝምታውን ነው። የገንዳው የአየር ፓምፕ ቀኑን ሙሉ ስለሚንቦቀቦቅ ጆሮ ለምዶታል፤ ሲቆም ነው የሚሰማው። ውሃው ደፍርሶ ባለበት አየር ከተቋረጠ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። እጄን ሳልጠርግ የስልኬን መብራት አብርቼ ወደ ሳሎን ሮጥኩ።

ገንዳው አጠገብ ሰው ጎንበስ ብሏል። ሙንታሲርን ያዝኩት አልኩ በልቤ። መብራቱን አዞርኩበት። እናቴ ናት። በአንድ እጇ ሳህን፣ በሌላው ማንኪያ ይዛለች።

«እማ?»

«ቢስሚላህ!» ደነገጠች። «ምን እንደ ጂን ድምፅሽን ሳታሰሚ ትመጪያለሽ?»

«ምን እየሰጠሻቸው ነው?»

«ምንም።»

መብራቱን ወደ ውሃው አወረድኩት። ውሃው ላይ ቅቤ በትናንሹ ክብ ክብ ሆኖ ተንሳፏል፤ አንዱ ከሌላው እየተያያዘ ፊቱን ሊሸፍነው ነው። የቡላ ድቡልቡሎች ከታች ተዘርግፈዋል።

«አተካና? ለዓሣ አተካና?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች ወደ ማጥቃቱ ዞራ። «የሴቶች አረፋ ነው። የጾመው ሁሉ አፈጠረ። ጎረቤቱ በላ፤ ድመቷ እንኳ ሳህን ላሰች። እነዚህ ግን ከመጡ ጀምሮ በዱባ ልጣጭ! እንግዳ እኮ ናቸው፣ ሰልሚያ። እንግዳ ቤቴ ተቀምጦ እኔ አተካና ልውጥ?»

«ዝኩኒ ነው እንጂ ዱባ አይደለም።»

«ያው ነው።»

«ከመጡ ጀምሮ ነው ስትሰጫቸው የነበረው?»

«ቆጮ ብቻ ነው። ትንሽ። አልፎ አልፎ አይብ።» ቆም አለች። «እኔ ላይ ብቻ ምን ያስጮህሻል? አባትሽን አትጠይቂም?»

አባቴ ባትሪ ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ አጎቴ ከኋላው አንገቱን አስግጓል።

«እኔ ሥጋ አልሰጠሁም» አለ አባቴ።

ስለ ሥጋ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«አባ፣ ሥጋ ሰጥተሃል?»

«አልሰጠሁም አልኩ እኮ። እንጀራ ነው። ከሱብሂ ስመለስ፤ ቆርሼ ጣል አደርግላቸዋለሁ። አንድ ቀን ነው ሥጋ የሰጠሁት።»

«እነሱ ከሞቱ እኮ ክፍሉ ላንተ ይቀራል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ታዲያ ምን?» አለ እንደተሰደበ ሰው። «በሌላ ነገር ይሙቱ። በእኔ ቤት ግን ተርቦ የሚሞት የለም።»

ከጓሮ በር በኩል ሙንታሲር ብቅ አለ። ሁሉንም ሰምቷል። እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ «እኔ ብቻ ነኛ ንጹሑ!» አለ። «ተከትላኝ ሽንት ቤት ልትገባ ምንም አልቀራት፤ ሌቦቹ እነዚህ ናቸው!»

ቀያዮቹ ዓሣዎች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ከሥር አንደኛው ጥቁር ዓሣ ተወንጭፎ ወጣ፤ የቅቤውን ሽፋን ሰንጥቆ አየር ጎረሰና ተመለሰ። ሁለተኛው አልታየም። መሳቅም መጮኽም ጊዜ የሚፈጅ ነገር ነው። ደወልኩ።

ቅድስት አተካና የሚለውን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቅቤ ስላት ሳቋን አቆመች።

«አየር የሚገባው በላዩ ነው፤ ቅቤው ዘግቶታል። ሶፍት ዘርጊበት፣ ይምጠጠው፣ አንሺው። ሌላ ዘርጊ። ከታች ያለውን ሁሉ አውጪ።»

«ውሃውን በሙሉ ልድፋው።»

«በጌታ ስም! በሙሉ ከደፋሽው የገደልሻቸው አንቺ ነሽ። ሲሶውን ብቻ። ከዚያ ከገንዳው በጆግ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አንቆርቁሪው፤ አየር ይዞ ይገባል። መብራት እስኪመጣ አታቁሙ። ከዚያ ጠብቂ።»

ጠብቂ። ከዚህ ቃል የበለጠ የምጠላው የለም።

ሶፍቱን ዘረጋሁ። ቅቤውን ጠጥቶ ቢጫ ሆነ፤ አነሳሁት። ሌላ። ሌላ። የሶፍቱ ጥቅል አለቀ። ቡላውን በወንፊት አወጣሁ፤ እንጨቱ ሥር የተሸጎጠ የቆጮ ፍርፋሪ፣ እንጀራ፣ ነጭ የሆነ ሥጋ አገኘሁ። በውሃ ጎማ ሲሶውን ውሃ ወደ ባልዲ አወጣሁ፤ ሙንታሲር ከበርሜሉ እየቀዳ አቀበለኝ። ከዚያ ጆጉን አንስቼ ማንቆርቆር ጀመርኩ።

ክንዴ ሲዝል እናቴ ጆጉን ከእጄ ወሰደች። ይቅርታ አላለችም፤ እኔም አልጠበቅሁም። እሷ ሲደክማት ሙንታሲር ተቀበላት። ከእሱ አባቴ ወሰደ፤ የጀለቢያውን እጅጌ ጠቅልሎ፣ በርበሬ የሚመዝን ይመስል በጥንቃቄ ያንቆረቁራል።

«ሙስተፋ» አለ አጎቴ ባትሪውን እንደያዘለት፣ «ለሚስትህ እንኳ እጅ አስታጥበህ ታውቃለህ?»

«ዝም ብለህ አብራ።»

«መርካቶ ብትሆን ጀነሬተር ነበራት።»

«አብዱልሃፊዝ፣ እኔ ደክሞኛል። ና፣ ተራህ ነው።»

አጎቴ ሳይወድ ጆጉን ተቀበለ። ሲጀምር ምንጣፉ ላይ ደፋው። ከዚያ ለመደው፤ እንዲያውም ወደ በኋላ «ከፍ ብሎ ሲወርድ ነው አረፋ የሚሠራው፤ እንዲህ ነው» እያለ ሙንታሲርን ያርመው ጀመር።

መብራት ሲመጣ እናቴ «አልሃምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች፤ ከጎረቤትም ጩኸት ተሰማ። ፓምፑ ተንቦቀቦቀ። ቀያዮቹ ወደ ታች ወረዱ። ጥቁሮቹ አልታዩም።

«ከአሁን ጀምሮ ማንም ምንም አይሰጣቸውም» አልኩ።

«እስከ መቼ?» አለች እናቴ። ፊቷ ላይ ያየሁት ጭንቀት የእውነት ነበር።

«ጾም ናቸው በያ።»

ይህን ስትሰማ ተረጋጋች። «እንዲህ አትይኝም ነበር ከመጀመሪያው! ለጾመኛ ምግብ ማን ያቀርባል?»

ጠዋት ሁላችንም አዲስ ልብስ ለብሰን ለኢድ ሶላት ወደ ሜዳው ሄድን። ከመውጣቴ በፊት ወደ ገንዳው አልተጠጋሁም። የሆነው ሆኗል፤ እያየሁት አይለወጥም። ስንመለስ ግን ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ውሃው ጠርቷል። ቀያዮቹ ይዋኛሉ። ጥቁሮቹ የሉም።

አባቴ ገባ፤ አጎቴ ተከተለው። በሬው በጓሮ ታስሯል፤ የሚያርደው ሰው ቢላውን እየሳለ ነው።

«ከእርዱ በፊት ነገሩ ይለይ» አለ አባቴ። «የት አሉ?»

«ተደብቀው ነው።»

«እንያቸዋ።»

«ቀን አይወጡም።»

«ሰልሚያ፣ ቃል ቃል ነው። ለእኔም ላንቺም። ሁለቱን በሕይወት አሳዪኝ።»

ሙንታሲር ገንዳውን ዞረው፤ ከሶፋው ሥር አየ። «ዘለው ይሆን እንዴ? ወይስ በበዓል ማዘጋጃ ቤት ዝግ ነው?» ማንም አልሳቀም። አጎቴ ሰዓቱን አየና «እንግዲህ ልብሷን ታዘጋጅ» አለ፤ በክፋት አይደለም፤ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነው።

እጄን እስከ ክርኔ ድረስ አስገብቼ እንጨቱን ልነቅለው ገንዳው ላይ ጎንበስ አልኩ። ጣቶቼ ውሃውን ነኩ። ትናንት ማታ የተዳከሙ ዓሣዎችን ቤታቸውን አፍርሶ ማስደንገጥ ምን እንደሚያደርግ አሰብኩ። ሞተው ከሆነ እንጨቱን ማንሳቴ አያድናቸውም። በሕይወት ካሉ ግን ሊገድላቸው ይችላል። እጄን አወጣሁ።

«እማ፣ ጋቢ ስጪኝ።»

ወፍራሙን የአባቴን ጋቢ አመጣችልኝ። ገንዳውን አለበስኩት። የገንዳውን አምፖል አጠፋሁ፤ መጋረጃውን ዘጋሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ አጎቴ።

«ልጠብቅ።»

ሙንታሲር እጁን ግንባሬ ላይ አድርጎ ትኩሳት እንዳለኝ አየ። ገፋሁት። ሳሎኑ ውስጥ ሁላችንም ተቀመጥን፤ ጋቢ የለበሰ ገንዳ ፊት፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው። ጓሮ ያለው ሰውዬ ቢላውን ስሎ ጨርሶ በመስኮት «ሙስተፋ፣ በሬው ቆሟል እኮ!» ብሎ ተጣራ። «ትንሽ ይቁም» አለ አባቴ። አንድ ልጅ ኢድ ሙባረክ ሊል መጥቶ ሁኔታውን አይቶ ተመለሰ። እናቴ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ዱዓ ይሁን ቁጣ አላወቅሁም። እኔ እግሬን ላለማወዛወዝ በእጄ ያዝኩት። ሁለቴ ተነሳሁ፤ ሁለቴ ተመልሼ ተቀመጥኩ። መርካቶን አሰብኩ፤ ካሽ ሬጅስተሩን፣ ጥቅል ጨርቁን፣ አጎቴ በአሥር ደቂቃው «ልጅቷ ተምራለች» ሲል። ሦስተኛ ስነሳ ጋቢውን ያዝኩና በአንዴ ገለጥኩት።

ሁለቱም ከፊት ለፊት ነበሩ። ጎን ለጎን፣ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው፣ ነጭ ሆዳቸውን ሰጥተውን። ከውሃው አፋፍ ላይ ከምሽቱ የተረፈ ስስ የቅቤ መስመር መስታወቱን ዞሮ ይዞታል። ከንፈራቸው ያለማቋረጥ እየተንቀሳቀሰ ያንን መስመር ይፍቃሉ።

«አላልኳችሁም?» እናቴ ዘላ ተነሳች። «ወደውታል! አተካናውን ወደውታል!»

«እማ፣ በአላህ።»

«ማሻአላህ በሉ፣ ዓይን እንዳይገባቸው!»

ሳላስበው ምንጣፉ ላይ፣ አጎቴ ውሃ የደፋበት እርጥብ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም።

አባቴ ተጠግቶ፣ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አንደኛውን አየ፣ ሁለተኛውን አየ። በጣቱ መስታወቱን ነካ አደረገ። አንደኛው ሸርተት ብሎ ቦታ ቀየረ። ለማረጋገጥ ነበር መሰለኝ።

«ሁለት ናቸው» አለ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረ። «አብዱልሃፊዝ፣ ልጅቷ አትሄድም። ለሱቅህ ሌላ ሰው ፈልግ።»

«ሙንታሲርን ልውሰደው?»

«እኔን?» አለ ሙንታሲር። «ባጃጄስ?»

«ባጃጅህ ሶፋው ላይ ናት» አልኩት።

አጎቴ ሳቀ። ቅር ያለው መስሎኝ ነበር፤ ግን ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። «እንዲህ ያለ አንድ ለሱቁ ይሆናል» አለ። «ደንበኛ ቆሞ ያያል። ቆሞ ካየ ይገዛል። ግን ውሃውን ማን ይቀይርልኛል?»

«እኔ እመጣለሁ» አልኩት። «ሲመቸኝ።»

ሁሉም ወደ ጓሮ ወጣ። የበሬው ጉዳይ ተጀመረ፤ የተክቢራ ድምፅ ይሰማል። እኔ በኮሪደሩ በኩል ወደ ፊት ክፍል ገባሁ። ገና በሩን ስከፍት አስነጠሰኝ። ጆንያዎቹ በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። የመጀመሪያውን ጆንያ ጆሮ ያዝኩና ጎተትኩት፤ ንቅንቅ አለ፤ ሁለት ስንዝር ያህል ተንሸራተተ።

«ሰልሚያ!» አባቴ ከኋላዬ ቆሟል፤ እጁ እስከ ክርኑ ታጥቧል። «ዛሬ በዓል ነው። በአረፋ ጆንያ አይነሳም። ከበዓሉ በኋላ ወዛደር እጠራለሁ።»

«መቼ?»

«ከበዓሉ በኋላ አልኩ።»

«ነገ?»

«ያ ሰላም!» ብሎ ሄደ።

ጆንያው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። በመዝጊያው ስንጥቅ የአስፋልቱ ብርሃን ይገባል፤ ባጃጆች ያልፋሉ፤ አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆች ይጯጯሃሉ። ግድግዳውን አየሁ። በግራ በኩል ሦስት ገንዳ ይይዛል፤ በቀኝ በኩል መስኮት ስላለ ፀሐይ ይመታዋል፤ እዚያ ምግቡና ፓምፖቹ ይሁኑ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ውሃ ቢፈስ ችግር የለውም። የበርበሬው ብናኝ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ ከመከፈቱ በፊት ግድግዳው ቀለም ያስፈልገዋል።

ለቅድስት «ሁለቱም አሉ» ብዬ ጻፍኩላት። ወዲያው ደወለች፤ አላነሳሁትም። ዛሬ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

እናቴ ከጓሮ ተጣራች። «ሰልሚያ! ነይ ብይ፣ ጥብሱ ሳይበርድ!»

«መጣሁ!» አልኩ። ግን ወዲያው አልተነሳሁም።